በምግብ የሚተላለፉ የቫይረስ በሽታዎችና የምግብ ነጋዴው ኀላፊነት

ምግብ አዘጋጅቶ መሸጥ ከጥንት ጀምሮ የታወቀ የንግድ ሥራ ነው። ይሁን እንጂ ከሌላው ንግድ የሚለይበት አንድ ታላቅ ነገር አለው፤ ይኸውም ገዢው የገዛውን ነገር ለክቶና መርምሮ ሳይሆን ሻጩን አምኖ ወደ ሰውነቱ የሚያስገባው መሆኑ ነው። ጨርቅ የገዛ ሰው ጨርቁ ቢቀደድበት የሚያጣው ገንዘቡን ነው፤ የተበከለ ምግብ የበላ ሰው ግን ጤናውን፣ አንዳንድ ጊዜም ሕይወቱን ያጣል። ነጋዴውም በበኩሉ በብዙ ዓመት ድካም ያፈራውን መልካም ስም በአንድ ቀን ምሳ ሊያጣው ይችላል።

የዓለም የጤና ድርጅት በ2015 ባወጣው ጥናት መሠረት በዓለም ላይ በየዓመቱ 600 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በተበከለ ምግብ ምክንያት ይታመማሉ፤ ከእነዚሁም ውስጥ 420 ሺህ ያህሉ ይሞታሉ። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት፣ ለብቻው ካልተገለጸ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የዓለም ባንክም ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ያላቸው አገሮች በዚሁ ሳቢያ በሥራ መጓደልና በሕክምና ወጪ በየዓመቱ 110 ቢሊዮን የአሜሪካ ዶላር ያህል እንደሚያጡ ገምቷል። ነገሩ እንግዲህ የሐኪሞች ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የንግድና የሀብት ጉዳይም ነው።

ስለ ምግብ መበከል ሲነሣ ብዙ ሰው በመጀመሪያ የሚያስበው የሸተተ ሥጋ፣ የኮመጠጠ ወጥ ወይም ጊዜው ያለፈበት የቆርቆሮ ምግብ ነው። እነዚህ አብዛኛውን ጊዜ የባክቴሪያ ሥራዎች ናቸው። ነገር ግን ከላይ በተጠቀሰው ጥናት ብዙ ሰው በማሳመም የመጀመሪያውን ስፍራ የያዘው ኖሮቫይረስ የሚባለው ቫይረስ ነው፤ ይኸው ቫይረስ በምግብ አማካይነት ብቻ በየዓመቱ 125 ሚሊዮን ያህል ሰው ያሳምማል። ቫይረስ ደግሞ ጠባዩ ከባክቴሪያ እጅግ የተለየ ስለ ሆነ፣ ባክቴሪያን ለመከላከል የተለመደው ጥንቃቄ ለቫይረስ ሳይበቃ ይቀራል። ስለዚህ የሆቴል፣ የምግብ ቤት፣ የኬክ ቤትና የጭማቂ ቤት ባለቤቶች እንዲሁም አትክልትና ፍራፍሬ አቅራቢዎች ልዩነቱን ማወቃቸው ይጠቅማቸዋል።

ቫይረስና ባክቴሪያ የሚለያዩበት ነገር

ባክቴሪያ ራሱን የቻለ ሕይወት ያለው ረቂቅ ፍጥረት ነው። ምግብ፣ እርጥበትና ሙቀት ካገኘ በወጡም በወተቱም ውስጥ ይራባል፤ ጥቂት የነበረው በጥቂት ሰዓት ውስጥ እልፍ ይሆናል። ማቀዝቀዣ የሚጠቅመውም ይህን መራባት ስለሚገታ ነው።

ቫይረስ ግን እንዲህ አይደለም። እርሱ በቀጭን የፕሮቲን ልባስ የተጠቀለለ የዘር ቅንጣት እንጂ በራሱ የሚመገብና የሚራባ ሕዋስ አይደለም። መራባት የሚችለው ሕይወት ባለው ሕዋስ ውስጥ ሲገባ ብቻ ነው። መጠኑም እጅግ ከማነሱ የተነሣ ሠላሳ ሺህ ያህል ኖሮቫይረሶች ጎን ለጎን ቢደረደሩ ርዝመታቸው አንድ ሚሊሜትር ቢሆን ነው። ምግቡ ለቫይረሱ መራቢያው ሳይሆን ማጓጓዣው ነው፤ መንገደኛ በአውቶቡስ ተሳፍሮ ካሰበበት እንደሚደርስ፣ ቫይረሱም በምግቡ ተሳፍሮ ከአንዱ ሰው ወደ ሌላው ይሄዳል።

ከዚህ የጠባይ ልዩነት ለነጋዴው አራት ዋና ዋና ነገሮች ይከተላሉ።

አንደኛ፣ ቫይረስ በምግቡ ውስጥ ስለማይራባ የምግቡን መልክ፣ ሽታና ጣዕም አይለውጥም። የተበከለው ሰላጣ ካልተበከለው እኩል ያምራል፤ ቀምሶም ሆነ አሽትቶ መለየት አይቻልም።

ሁለተኛ፣ ቅዝቃዜ ቫይረሱን አይገድለውም። ማቀዝቀዣ ውስጥ ብዙ ቀን ይቆያል፤ በረዶ በሚሠራ ማቀዝቀዣ ውስጥ ደግሞ ለወራት ተጠብቆ ይኖራል። ከተበከለ ውሃ የተሠራ በረዶም ያንኑ ቫይረስ ወደ መጠጡ ያስገባል።

ሦስተኛ፣ ለማሳመም የሚያስፈልገው መጠን እጅግ ጥቂት ነው። ብዙዎቹ ባክቴሪያዎች ሰውን የሚያሳምሙት በብዛት ሲገቡ ሲሆን፣ ለኖሮቫይረስ ግን ከ10 እስከ 100 የሚደርሱ ቅንጣቶች እንደሚበቁ ይገመታል። የበሽተኛው ዓይነ ምድር በአንድ ግራሙ በቢሊዮን የሚቆጠሩ ቅንጣቶች ይይዛል። በደንብ ባልታጠበ እጅ ላይ የሚቀረው ለዓይን የማይታይ እድፍ ብዙ ሰው ለማሳመም የሚበቃው በዚህ ምክንያት ነው።

አራተኛ፣ ባክቴሪያን የሚገድሉት መድኃኒቶች በቫይረስ ላይ አይሠሩም። ሕክምናው በአብዛኛው የበሽተኛውን ሰውነት በፈሳሽና በዕረፍት መደገፍ ነው። ስለዚህ ከሕክምናው ይልቅ መከላከያው ይበልጣል።

ዋና ዋናዎቹ ቫይረሶች

ኖሮቫይረስ። ይህ ቫይረስ ስሙን ያገኘው በአሜሪካ በኦሃዮ ግዛት ከምትገኘው ኖርዎክ ከተማ ነው። በ1968 በዚያች ከተማ በሚገኝ አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ተማሪዎችና መምህራን ግማሽ ያህሉ በአንድ ጊዜ በትውከትና በተቅማጥ ታመሙ፤ የበሽታው ምክንያት ግን ወዲያው ሊታወቅ አልቻለም። ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ1972፣ አልበርት ካፒኪያን የተባለ ሳይንቲስት ከዚያው ወረርሽኝ በተቀመጠው ናሙና ውስጥ ቫይረሱን በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ አየው። በሽታው ቫይረሱ ከገባ ከ12 እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ በድንገት ይጀምራል፤ ማቅለሽለሽ፣ ኀይለኛ ትውከት፣ ውሃ የመሰለ ተቅማጥና የሆድ ቁርጠት ያስከትላል። ብዙ ሰው ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ባለው ጊዜ ይሻለዋል፤ ሕፃናትና ሽማግሌዎች ግን የሰውነታቸው ውሃ በማለቁ ለአደጋ ሊጋለጡ ይችላሉ። የተሻለው ሰው ቫይረሱን ለሁለት ሳምንትና ከዚያም በላይ በዓይነ ምድሩ ማውጣቱን ይቀጥላል። አንድ ጊዜ የያዘው ሰውም ደግሞ ሊይዘው ይችላል፤ በገበያ ላይ የዋለ ክትባትም እስካሁን የለውም።

የጉበት ቫይረስ ኤ፣ ወይም ሄፓታይተስ ኤ። ሕዝቡ «የወፍ በሽታ» እያለ ከሚጠራቸው ሕመሞች አንዱ ይህ ነው። ትኩሳት፣ ድካም፣ የምግብ ፍላጎት ማጣት፣ የሽንት መጥቆር፣ በመጨረሻም የዓይንና የቆዳ ቢጫ መሆን ምልክቶቹ ናቸው። ቫይረሱ ከገባ በኋላ ምልክቱ እስኪታይ ከ15 እስከ 50 ቀን፣ በአማካይ 28 ቀን ያህል ይወስዳል። ለምግብ ንግድ እጅግ አስቸጋሪ የሚያደርገውም ይህ ነው፤ በሽተኛው ቫይረሱን በብዛት የሚያስተላልፈው ዓይኑ ቢጫ ከመሆኑ በፊት ባሉት ሁለት ሳምንታት፣ ማለትም ራሱም ጤነኛ ነኝ ብሎ በሥራ ላይ ሳለ ነው። እንደ ዕድል ሆኖ ለዚህኛው በሽታ ከ1990ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ በሥራ ላይ የዋለ ጥሩ ክትባት አለው።

የጉበት ቫይረስ ኢ፣ ወይም ሄፓታይተስ ኢ። ይህኛው ይበልጡን በተበከለ ውሃ ይተላለፋል። አብዛኛው በሽተኛ የሚድን ቢሆንም፣ በእርግዝናቸው የመጨረሻ ወራት ለሚገኙ ሴቶች ግን እጅግ አደገኛ ነው፤ በዚህ ጊዜ ከያዛቸው ከአምስቱ አንዷ ወይም ከአራቱ አንዷ ልትሞት እንደምትችል የዓለም የጤና ድርጅት ይገልጻል። በ2014 በጋምቤላ በሚገኙ የስደተኞች መጠለያዎች የተነሣው ወረርሽኝ የዚሁ ቫይረስ ነበር።

ሮታቫይረስ። ይህ በተለይ የሕፃናትን ተቅማጥ የሚያስከትል ሲሆን፣ በምግብና በውሃም ሆነ ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋል። ኢትዮጵያ ክትባቱን በመደበኛው የሕፃናት ክትባት ውስጥ ያስገባችው በ2006 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው።

ቫይረሱ ወደ ምግቡ የሚገባባቸው ሦስት በሮች

እነዚህ ሁሉ ቫይረሶች በአብዛኛው ምንጫቸው አንድ ነው፤ ይኸውም የበሽተኛ ሰው ዓይነ ምድር፣ በኖሮቫይረስም ጊዜ ትውከቱ ነው። ከዚያ ተነሥተው ወደ ማዕድ የሚደርሱባቸው በሮች ሦስት ናቸው፤ እጅ፣ ውሃና የአየር ብናኝ።

የመጀመሪያው በር የሠራተኛው እጅ ነው። በ1982 በአሜሪካ በሚኒሶታ ግዛት አንድ የኬክ ቤት ሠራተኛ ታምሞ ሳለ በትልቅ በርሜል የተዘጋጀውን የኬክ ክሬም በባዶ እጁ አማሰለው። ክሬሙ ከዚያ በኋላ እሳት አያገኘውም፤ በብዙ ኬክ ላይ ተቀብቶ በከተማው ተሸጠ፤ ከዚህም የተነሣ 3,000 ያህል ሰዎች እንደ ታመሙ ተገምቷል። አንድ ሰው፣ አንድ በርሜል፣ አንድ ቀን ይህን ያህል ጉዳት አደረሱ።

የደረቀ ዕቃ ከዚህ አደጋ ነጻ ነው ብሎ የሚያስብ ነጋዴ ቢኖር በጃፓን የሆነውን መመልከት ይችላል። በ2017 መጀመሪያ ላይ በዚያ አገር በተለያዩ ከተሞች በትምህርት ቤት ምሳና በሌላ ግብዣ ከ2,000 በላይ ሰዎች በኖሮቫይረስ ታመሙ። ምርመራው ሲካሄድ ምክንያቱ ሩዝ ላይ የሚነሰነሰው የተከተፈ ደረቅ የባሕር ሣር ሆኖ ተገኘ። ሣሩ የተከተፈው ከጥቂት ወራት በፊት ሲሆን፣ የከተፈው ሠራተኛም በባዶ እጁ ይሠራ ነበር። ቫይረሱ ያለ ውሃና ያለ ምግብ በደረቅ ቅጠል ላይ ያን ያህል ጊዜ ቆይቶ ማሳመም ቻለ።

ሁለተኛው በር ውሃ ነው። የከተማ ፍሳሽ በወንዝ ወይም በባሕር ውስጥ ሲገባ ቫይረሱም አብሮ ይገባል። በ1988 መጀመሪያ በቻይና በሻንጋይ ከተማ 300,000 ያህል ሰዎች በሄፓታይተስ ኤ የታመሙት ከተበከለ የባሕር ዳርቻ የተሰበሰቡ ዛጎል ለበስ እንስሳትን ስለ በሉ ነበር። እነዚህ እንስሳት ምግባቸውን የሚያገኙት ብዙ ውሃ በሰውነታቸው ውስጥ እያጣሩ ስለ ሆነ፣ በውሃው ተበትኖ የነበረውን ቫይረስ አከማችተው ይይዙታል። የከተማው ሰው ደግሞ ለጣዕሙ ሲል በፈላ ውሃ ጥቂት ብቻ ነከር አድርጎ ይበላቸው ነበር። ውጪው የሞቀ መሰለ፤ ውስጡ ግን ጥሬ ነበር።

በመሬት ላይም ነገሩ ያው ነው። በፍሳሽ ውሃ በመስኖ የሚለማ ሰላጣ፣ ከታጠበበት ውሃ ቫይረስ የያዘ የሽንኩርት ቅጠል፣ በቆሸሸ እጅ የተለቀመ እንጆሪ ሁሉ ይህን በር ይከፍታሉ። በ2003 በአሜሪካ በፔንሲልቬንያ ግዛት በአንድ ምግብ ቤት የተመገቡ ከ600 በላይ ሰዎች በሄፓታይተስ ኤ ታመው ሦስቱ ሞቱ። ከምግብ ቤቱ ሠራተኞች መካከል የበሽታው ምንጭ የሆነ አልተገኘም፤ ቫይረሱ የመጣው ከሜክሲኮ ከገባውና ሳይበስል ከቀረበው የሽንኩርት ቅጠል ጋር ነበር። የአሜሪካ መንግሥት ከአንዳንድ የሜክሲኮ እርሻዎች የሚመጣውን ሽንኩርት እንዳይገባ አገደ፤ ቀድሞም በዕዳ ተይዞ የነበረው የምግብ ቤቱ ድርጅት በተከታዩ ዓመት በሩን ዘጋ።

በ2012 ደግሞ በምሥራቅ ጀርመን በትምህርት ቤቶችና በሕፃናት ማዋያዎች 11,000 ያህል ልጆችና ወጣቶች በኖሮቫይረስ ታመሙ፤ ምክንያቱም ከቻይና የመጣ የቀዘቀዘ እንጆሪ ሆኖ ተገኘ። ከዚህ በኋላ የአውሮፓ ኅብረት ከዚያ አገር በሚገባ የቀዘቀዘ እንጆሪ ላይ በድንበር ተጨማሪ ምርመራ እንዲደረግ አዘዘ። ከአንድ ጎተራ የወጣ ዕቃ ስሙን የሚያጠፋው ለላከው ነጋዴ ብቻ ሳይሆን ለአገሩ ላኪዎች ሁሉ መሆኑን ይህ በግልጽ ያሳያል። አትክልትና ፍራፍሬ ወደ ውጭ ለሚልክ የኢትዮጵያ ነጋዴ ትምህርቱ ቀላል አይደለም።

ሦስተኛው በር ትውከት ነው። ኖሮቫይረስ የያዘው ሰው ሲያስመልሰው ለዓይን የማይታይ ብናኝ በአየር ላይ ይረጫል፤ ብናኙም በጠረጴዛ፣ በጨርቅና በተከፈተ ምግብ ላይ ያርፋል። በ1998 በእንግሊዝ አገር በአንድ ሆቴል አንዲት እንግዳ በማዕድ ላይ ሳለች አስመለሳት። በኋላ ሲመረመር፣ ከሁሉ ይበልጥ የታመሙት በእርስዋ ጠረጴዛ የነበሩት ሆነው ተገኙ፤ ከእርስዋ እየራቁ በተቀመጡ መጠን የታማሚው ቁጥር እያነሰ ሄደ። ስለዚህ በመመገቢያ አዳራሽ የደረሰን ትውከት በመወልወያ ጠርጎ ብቻ ማስተናገዱን መቀጠል ትልቅ ስሕተት ነው።

ቫይረሱን የሚያጠፋውና የማያጠፋው

በብዙ ቦታ እንደ መከላከያ ከሚታሰቡት ነገሮች አንዳንዶቹ ለእነዚህ ቫይረሶች አይሠሩም። ሎሚና ኮምጣጤ ጣዕም ይጨምሩ እንደ ሆነ እንጂ በሰላጣ ላይ ያለውን ቫይረስ አያጠፉም፤ እነዚህ ቫይረሶች የጨጓራን አሲድ አልፈው የሚሄዱ ናቸውና። በእጅ ላይ የሚፈስሰው የአልኮል ማጽጃም ለብዙ ሌላ ተሐዋስያን የሚጠቅም ሲሆን፣ ለኖሮቫይረስ ግን የሳሙናና የውሃን ያህል አይታመንም። ለብ ያለ ሙቀትም አይበቃም፤ ኖሮቫይረስ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚደርስ ሙቀት ውስጥ ሊቆይ ይችላል።

የሚያጠፉት ነገሮች ሦስት ናቸው። የመጀመሪያው በቂ እሳት ነው። ምግቡ እስከ ውስጡ ድረስ 90 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ደርሶ ለአንድ ደቂቃ ተኩል ከቆየ ሄፓታይተስ ኤ ቫይረስ ይጠፋል። በዚህ ረገድ ሲንተከተክ የሚውለው የኢትዮጵያ ወጥ መልካም ምግብ ነው፤ አደጋው ከድስቱ ከወጣ በኋላ በሚነካው እጅና አብሮት በሚቀርበው ጥሬ አትክልት ላይ ነው።

ሁለተኛው በሚፈስስ ውሃና በሳሙና እጅን መታጠብ ነው። ሳሙናው ቫይረሱን ባይገድለውም ከቆዳው አላቅቆ ከውሃው ጋር ይወስደዋል። መታሸቱ ከ20 ሰከንድ ማነስ የለበትም፤ ጣት ለጣትና ከጥፍር ሥር ያለውም መረሳት አይገባውም። ከምግብ በፊት በማስታጠቢያ ውሃ እያፈሰሱ የማስታጠብ የቆየ ልማድ መሠረቱ ትክክል ነው፤ የሚጎድለው ብዙ ጊዜ ሳሙናው ነው። ከአንድ መሶብ ለሚበላና ጉርሻ ለሚጎራረስ ሕዝብ ደግሞ የአንዱ እጅ ንጽሕና የሁሉም ጉዳይ ነው።

ሦስተኛው በረኪና ነው። አምስት በመቶ ያህል ክሎሪን ያለው በረኪና 20 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም አራት የሻይ ማንኪያ፣ በአንድ ሊትር ውሃ ተበጥብጦ ለመጸዳጃ ቤት፣ ለበር እጀታና ለጠረጴዛ ማጽጃ ይሆናል። ትውከት ወይም ዓይነ ምድር ለነካው ስፍራ መጠኑ እስከ 100 ሚሊ ሊትር ከፍ ይላል። አስቀድሞ ቆሻሻው ይነሣል፤ ከዚያም በረኪናው ፈስሶ ቢያንስ አምስት ደቂቃ ይቆያል፤ ምግብ የሚነካው ገጽ ከሆነ በመጨረሻ በንጹሕ ውሃ ይለቀለቃል። በረኪናን ከአሲድ ወይም ከሌላ ማጽጃ ጋር መደባለቅ መርዘኛ ጋዝ ስለሚፈጥር ፈጽሞ መደረግ የለበትም።

ስለ ላቦራቶር ምርመራም አንድ ነገር መታወቅ አለበት። ብዙ ጊዜ የምግብና የውሃ ንጽሕና የሚለካው ከአንጀት የሚመጡ ባክቴሪያዎች መኖር አለመኖራቸው ተፈልጎ ነው። እነዚህ ባክቴሪያዎች አልተገኙም ማለት ግን ቫይረስ የለም ማለት አይደለም፤ ቫይረሱ ከባክቴሪያው ይልቅ ረጅም ጊዜ ሊቆይ ይችላልና። በምግብ ውስጥ ኖሮቫይረስንና ሄፓታይተስ ኤን ለመፈለግ አይ.ኤስ.ኦ. 15216 የተባለ ዓለም አቀፍ የምርመራ ደረጃ አለ፤ ወደ ውጭ የሚልክ ነጋዴ ከደንበኛው አገር ምን እንደሚጠየቅ አስቀድሞ ቢረዳ ይበጀዋል።

የታመመው ሠራተኛ ጉዳይ

እስካሁን ከተነገረው ሁሉ አንድ ነገር ጎልቶ ይታያል፤ ይኸውም የምግብ ቤቱ ጤና በሠራተኛው ጤና ላይ የቆመ መሆኑ ነው። የበሽታ ምልክት የታየበት ሠራተኛ ትውከቱና ተቅማጡ ካቆመ በኋላ ቢያንስ 48 ሰዓት እስኪያልፈው ድረስ ምግብ መንካት የለበትም። ሕጉ በወረቀት ላይ አጭርና ቀላል ነው፤ በሥራ ላይ ግን በጣም ያስቸግራል።

የሚያስቸግርበትም ምክንያት የታወቀ ነው። በብዙ ትንንሽ ምግብ ቤቶች አብሳዩ፣ አሳላፊውና ሳሕን አጣቢዋ የሚኖሩት በዕለት ክፍያና ከደንበኛ በሚያገኙት ጉርሻ ነው። ታምሜአለሁ ያለ ሠራተኛ የዚያን ቀን እንጀራውን ያጣል፤ በማግሥቱም ሌላ ሰው በቦታው ገብቶ ሊያገኝ ይችላል። ስለዚህ ሆዱን ይዞ፣ እየሮጠ መጸዳጃ ቤት እየተመላለሰ ሥራውን ይቀጥላል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚለው የአባቶች ምሳሌ በዚህ ላይ እውነትነቱ እጥፍ ይሆናል፤ የተደበቀው በሽታ የሚጎዳው ደባቂውን ብቻ ሳይሆን ከእጁ የሚበሉትን ሁሉ ነውና። ሆኖም ለመደበቁ ተጠያቂ መሆን ያለበት ሠራተኛው ብቻ አይደለም፤ መታመምን እንደ ጥፋት የሚቆጥር የቤቱ ሥርዓት ጭምር ነው።

በ2011 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አቆጣጠር የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 የሙከራ ጊዜውን ለጨረሰ ሠራተኛ የሕመም ፈቃድ ይሰጠዋል፤ ለመጀመሪያው አንድ ወር ሙሉ ደመወዙን፣ ለሚቀጥሉት ሁለት ወሮች ግማሹን እንዲያገኝ፣ ለቀሩት ሦስት ወሮች ግን ያለ ክፍያ እንዲሆን ደንግጓል። ነገር ግን ሕጉ የማይደርስለት የዕለት ሠራተኛ ቢሆን እንኳ፣ አስተዋይ ነጋዴ ሂሳቡን ቢያስብ የሚያዋጣውን ያገኘዋል። በአንድ በኩል ያለው የአንድ አሳላፊ የሦስት ወይም የአራት ቀን ክፍያ ነው፤ በሌላው በኩል ያለው የሰርግ ድግስ የበሉ እንግዶች ሕመም፣ የተዘጋ ቤት፣ የሸሸ ደንበኛና የጠፋ ስም ነው። ለታመመ ሠራተኛ የሚከፈል የዕረፍት ገንዘብ እንግዲህ ምጽዋት ሳይሆን ለንግዱ የሚከፈል የመድን ዋጋ ነው።

የኢትዮጵያ ሁኔታ

ንጹሕ ውሃና መጸዳጃ ቤት ባልተስፋፋባቸው አገሮች አብዛኞቹ ልጆች አሥር ዓመት ሳይሞላቸው ሄፓታይተስ ኤ ይይዛቸዋል። በሕፃንነት ጊዜ በሽታው ብዙ ጊዜ ሳይታወቅ ያልፋል፤ የያዘውም ሰው ዕድሜውን ሙሉ ዳግመኛ አይያዘውም። አንዳንዶች «የእኛ ሰው ለምዶታል» ብለው የሚናገሩት ከዚህ ተነሥተው ነው።

ይሁን እንጂ ይህ አነጋገር ሁለት ጉድለት አለበት። የመጀመሪያው፣ ኑሮ በተሻሻለ ቁጥር በልጅነቱ ሳይያዝ የሚያድገው የከተማ ወጣት እየበዛ ይሄዳል። እንዲህ ያለው ሰው በጎልማሳነቱ ሲያዝ በሽታው ይጠናበታል፤ ሳምንታትም በአልጋ ላይ ያውለዋል። ሁለተኛው፣ ከውጭ የሚመጣው እንግዳ ያ የልጅነት መከላከያ የለውም። የአፍሪካ ኅብረት ጽሕፈት ቤት በሚገኝባት በአዲስ አበባ፣ በየጊዜው ጉባኤተኞችና አገር ጎብኚዎች በሚያርፉባቸው ሆቴሎች፣ እንዲሁም ለበዓልና ለሰርግ ከአሜሪካና ከአውሮፓ ለሚመጡ የኢትዮጵያውያን ልጆች ይህ ትልቅ ነገር ነው። ለኖሮቫይረስ ደግሞ «የለመደ» የሚባል ሰው የለም።

በአዲስ አበባ በአቃቂ ወንዝና በገባሮቹ ዳር የሚለማው አትክልት ጉዳይም ከዚሁ ጋር የሚታይ ነው። ወንዙ የከተማውን ፍሳሽ የሚቀበል መሆኑ የታወቀ ነው፤ በእርሱ የለማው ጎመንና ቆስጣ ከበሰለ ብዙ አያሰጋም፤ ጥሬውን የሚበላው ሰላጣ ግን ያሰጋል። ማጠብ ቫይረሱን ይቀንሰዋል እንጂ ጨርሶ አያስወግደውም። ስለዚህ የምግብ ቤት ባለቤት ለጥሬ የሚያቀርበውን አትክልት ሲገዛ ዋጋውን ብቻ ሳይሆን የለማበትንም ውሃ መጠየቅ ይገባዋል። ጠያቂ ገዢ ሲበዛ ጠንቃቃ አምራች ይፈጠራል።

ሊፈጸሙ የሚገባቸው ነገሮች

የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅትና የዓለም የጤና ድርጅት በ1963 ያቋቋሙት ኮዴክስ የተባለው የምግብ ደረጃዎች ኮሚሽን በምግብ ውስጥ ቫይረስን ስለ መቆጣጠር መመሪያ ያወጣው በ2012 ነው። ኢትዮጵያም የኮሚሽኑ አባል ናት። ከዚህና ከላይ ከተዘረዘረው በመነሣት ማንኛውም የምግብ ድርጅት የሚከተሉትን ቢፈጽም ይጠቀማል።

1ኛ/ ትውከት፣ ተቅማጥ ወይም የዓይን ቢጫነት የታየበት ሠራተኛ ወዲያው እንዲያስታውቅ፣ በማስታወቁም እንዳይቀጣ ማድረግ፤ ትውከቱና ተቅማጡ ካቆመ በኋላም እስከ 48 ሰዓት ምግብ እንዳይነካ ማድረግ፤ ዓይኑ ቢጫ የሆነው ግን ሐኪም ሳይፈቅድለት ወደ ወጥ ቤት እንዳይመለስ ማድረግ።

2ኛ/ በወጥ ቤቱና በሠራተኞች መጸዳጃ ቤት የሚፈስስ ውሃና ሳሙና በማንኛውም ሰዓት እንዳይታጣ ማድረግ፤ ቧንቧ ውሃ በሚቋረጥበት ቀን የሚያገለግል ንጹሕ ውሃ ቧንቧ ባለው በርሜል ማዘጋጀት።

3ኛ/ ዳግመኛ እሳት የማያገኘውን ምግብ፣ ማለትም ሰላጣን፣ የተቆረጠ ፍራፍሬን፣ ዳቦንና ኬክን በባዶ እጅ አለመንካት፤ በመቆንጠጫ፣ በማንኪያ ወይም በንጹሕ ጓንት መጠቀም። ጓንቱም እንደ እጅ ሁሉ የሚቆሽሽ መሆኑን አለመርሳት።

4ኛ/ ለመጠጥ፣ ለበረዶና ለጭማቂ የሚሆነውን ውሃ አጥርቶና አፍልቶ ወይም ታምኖ ከሚገኝበት ስፍራ ብቻ መጠቀም።

5ኛ/ አትክልትና ፍራፍሬ ከማን፣ መቼና ከየት እንደ ተገዛ በመዝገብ መያዝ። በሽታ ቢነሣ ምንጩን ፈጥኖ ለማግኘትና ንጹሑን ነጋዴ ከጥርጣሬ ነጻ ለማውጣት ከዚህ የተሻለ ምስክር የለም።

6ኛ/ በመመገቢያ አዳራሽ ትውከት ቢደርስ እንግዶችን ከአካባቢው ማራቅ፤ በዚያ አካባቢ ተከፍቶ የነበረውን ምግብ ሁሉ መጣል፤ ስፍራውን ጓንትና የአፍ መሸፈኛ ባደረገ ሰው በበረኪና ማጽዳት፤ ያጸዳውም ሰው በዚያ ቀን ምግብ እንዳይነካ ማድረግ።

7ኛ/ ለወጥ ቤት ሠራተኞች የሄፓታይተስ ኤ ክትባት ስለሚሰጥበት ሁኔታ ሐኪም ማማከር። በሽተኛ ቢገኝም ከእርሱ ጋር የዋሉት በሁለት ሳምንት ጊዜ ውስጥ ክትባቱን ቢወስዱ ሊጠቀሙ ይችላሉ።

8ኛ/ በአንድ ጊዜ ብዙ ደንበኞች መታመማቸው ከተሰማ ነገሩን ሳይሸሽጉ ለጤና ባለሥልጣኖች ማስታወቅ፤ የቀረውንም ምግብ ለምርመራ ማቆየት።

ከእነዚህ ውስጥ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ አንድም የለም። ሳሙና፣ በረኪና፣ መቆንጠጫና የመዝገብ ደብተር በማንኛውም ገበያ ይገኛሉ። ከሁሉ የሚከብደው ሠራተኛው «ዛሬ ታምሜአለሁ» ብሎ ያለ ፍርሃት የሚናገርበትን ቤት መፍጠር ነው። ይህን የፈጸመ ነጋዴ ዓይን ከማያየው፣ አፍንጫም ከማያሸትተው ጠላት ደንበኛውን ጠብቋል ማለት ይቻላል፤ ደንበኛውን የጠበቀም ንግዱን ጠበቀ።